ኃይልና ድምፅ በአንድ ሽቦ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1894 ይነሳል። ስለ ሽቦው ርዝመት ብዙ ተጽፏል፤ በሽቦው የሚሄደው ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣ እንደነበር ግን እምብዛም አይነሳም። መብራት ዘግይቶ ለደረሳቸው በጣና ሐይቅ አካባቢ እንዳለችው እንደ ወረታ ላሉ ከተሞች ዋናው ጉዳይ ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው መላ ኃይሉን እዚያው ስልኩ ውስጥ ማኖር ነው። በእጅ የሚዞረው ስልክ በጎኑ መዘውር፣ በሆዱ ደረቅ ባትሪ ነበረው። መዘውሩ ሲዞር በውስጡ ያለው ትንሽ ማመንጫ ወደ መቶ ቮልት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ በኦፕሬተሩ ሰሌዳ ላይም የመስመሩ ክዳን ይወድቃል። ንግግሩን የሚያስኬደው ግን ባትሪው ነው። ባትሪው ሲደክም ደወሉ እንደ ወትሮው ይጮኻል፣ ድምፁ ግን እየሰለለ ይሄዳል። ያም ሆኖ ይህ ስልክ የከተማ መብራት አይጠብቅም። የጢስ ዓባይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጣና ዙሪያ ለነበረ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው መላ ባትሪውን ከየቤቱ አውጥቶ አንድ ቦታ መሰብሰብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1952 የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ በኋላ አውቶማቲክ ስልክ ከትልልቆቹ ከተሞች ጀምሮ ተስፋፋ። በስልክ ማዞሪያው ቤት የተደረደሩት ባትሪዎች ድምፅ በሚሄድበት በዚያው ጥንድ ሽቦ 48 ቮልት ይልካሉ። ስለዚህ ሰፈሩ ጨልሞም ስልኩ ይሠራል።

ሦስተኛው መላ የመጣው ከኮምፒዩተር ኔትወርክ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወረዳኔት የወረዳ መስተዳድሮችን፣ ስኩልኔት ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በሳተላይት ማገናኘት ጀመሩ። መብራት ሲሄድ የሚቋረጠውን፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረውን ትምህርት የዚያ ዘመን ተማሪ ያስታውሰዋል። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በኔትወርክ ገመድ ኃይል ለመላክ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣ። ለአንድ ፖርት (የገመድ መሰኪያ) የተፈቀደው 15.4 ዋት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 30፣ በ2018 ወደ 90 አደገ። የኔትወርክ ገመዶቹ የሚሰኩበት ስዊች የማዞሪያውን ቤት ሥራ ወረሰ፤ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ከኋላው ካለ መብራት ቢሄድም ስልኩም ዋይፋዩም ይቆያሉ።

ስዊቹ ኃይሉን በዘፈቀደ አይለቅም። አስቀድሞ በጥቂት ቮልት ይፈትሻል፤ በወዲያኛው ጫፍ 25 ኪሎ ኦም ገደማ ተቃውሞ ሲያገኝ ብቻ ይልካል። ስለዚህ ተራ ኮምፒዩተር ቢሰካበት አይጎዳም። የኔትወርክ ባለሙያው ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። 370 ዋት ያለው ባለ 24 ፖርት ስዊች ለሁሉም 15.4 ዋት ያዳርሳል፤ 30 ዋት የሚጠይቁ ካሜራዎች ከተሰኩበት ግን የሚችለው 12 ብቻ ነው። ስለዚህ ለየፖርቱ የኃይል ጣሪያና ቅድሚያ ይወሰናል፤ ኃይል ሲያጥር ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው አስቀድሞ ይቋረጣል። ሳይወሰን ከተተወ በብዙዎቹ ስዊቾች መጀመሪያ የሚጠፋው ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ፖርት ነው፤ እዚያ የተሰካው የአደጋ ጥሪ ስልክ ቢሆንም እንኳ። ይህን ውሳኔ ለአጋጣሚ መተው ተገቢ አይደለም።

የኔትወርኩ የመዳብ ገመድ ከ100 ሜትር አያልፍም። በርብና በጉማራ ወንዞች በሚታጠበው የፎገራ ሜዳ፣ ክረምት ውኃ በሚተኛበትና በጋ ዋልካው በሚሰነጠቅበት መሬት፣ ከዚህ ርቀት ያለፈውን የሚያገናኘው ሬዲዮ ወይም ፋይበር ነው። ፋይበር ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይሸከምም፤ ሬዲዮውም ኃይል አያደርስም። ስለዚህ በሩቁ ጫፍ ያለው መሣሪያ እንደ መዘውሩ ስልክ የራሱን ኃይል፣ ብዙውን ጊዜ ሶላርና ባትሪ፣ አጠገቡ ይዞ ይተከላል።