«እንግሊዝ» ስንል ማን ነበር?

ድሬዳዋ ላይ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወሬ ከተነሣ ስሙ ሁለት ነው፤ ጣሊያንና እንግሊዝ። ጣሊያን ወጣ፣ እንግሊዝ ገባ፣ አለቀ። «እንግሊዝ» በሚለው ቃል ውስጥ ስንት አገር ተጠቅልሎ እንደቀረ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ከነዚያ አንዷ አውስትራሊያ ናት፤ የመጣችውም እንግሊዝ ከሶማሊላንድ በሸሸበት ሰሞን ነው። ሐምሌ 27 ቀን 1932 በጄኔራል ናሲ የሚመራው የጣሊያን ጦር ከሐረርጌ ተነሥቶ የእንግሊዝን ሶማሊላንድ ወረረ። ጣሊያን ታንክ አለው፤ ተከላካዩ ግን አንድም ፀረ ታንክ መድፍ የለውም። በርበራ ወደብ ላይ የቆመችው ሆባርት የተባለች የአውስትራሊያ የጦር መርከብ ለሰላምታ የምትተኩሳትን ትንሽ መድፍ ነቀለች፤ የመርከቧ ሠራተኞች ማቆሚያ ቀጥቅጠው ሠሩላት። ጆንስ፣ ስዊኒና ሀረን የተባሉ ሦስት ፈቃደኛ መርከበኞች ይዘዋት ቱግ አርጋን ወደሚባለው ግንባር ወጡ። እንግዳ መቀበያ መድፍ ታንክ ልትመክት!

ምሽጉ ሲሰበር ሦስቱም ተማረኩ፤ በዚያ ጦርነት የመጀመሪያዎቹ አውስትራሊያውያን ምርኮኞች እነሱ ናቸው። ሆባርት ግን ወታደርና ሲቪሉን ወደ ኤደን ከማሻገሩ ሥራ አልተለየችም፤ ነሐሴ 13 በርበራን መጨረሻ ላይ ለቅቃ የሄደችውም እሷ ነች። በሌላው ጫፍ ደግሞ ሌተና አለን ብራውንና አራት አውስትራሊያውያን ሳጅኖች ከሱዳን ጎጃም ገብተው ከአርበኞቹ ጎን ተሰልፈዋል።

በሰባተኛው ወር ነገሩ ተገለበጠ። መጋቢት 7 ቀን 1933 በአብዛኛው ሕንዳውያን የሆኑ ወታደሮች ከኤደን ተሻግረው በርበራን መልሰው ያዙ። ወደ ሐረር ለሚገሠግሠው የእንግሊዝ ጦር ስንቅ ይመጣበት የነበረው የሞቃዲሾ ረጅም መንገድ ቀረና ስንቁ በበርበራ፣ በሃርጌሳና በጅጅጋ አድርጎ ይጓዝ ጀመር። (የድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ሸቀጥ የሚያራግፍ ነጋዴ ይህን መስመር ካርታ ሳያይ ያውቀዋል።) ሐረርን ናይጄሪያውያን ያዙ። ድሬዳዋ ላይ የከዱ አስካሪዎች፣ ማለትም ጣሊያን የመለመላቸው የአገሬው ወታደሮች፣ ዝርፊያና ግድያ ስለጀመሩ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ጠላታቸውን «ቶሎ ድረሱልን» ብለው ተማጸኑ። መጋቢት 20 የደረሱላቸው ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው።

የሆባርት ሦስት መርከበኞች ነፃ የወጡት ኤርትራ ውስጥ ነው። አስመራን የያዘው ጦርም የሕንድ ክፍለ ጦር ነበር።