ሃርቪ ኩሺንግ
ሃርቪ ዊሊያምስ ኩሺንግ (1869–1939 እ.ኤ.አ.) ከዘመናዊ የአንጎል ቀዶ ጥገና መሥራቾች አንዱ የሆነ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ጸሐፊና ጥሩ የሥዕል ችሎታ ያለው ሰው ነበር። የተወለደው በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ነው።

በሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ በኤተር ሲያደነዝዘው የነበረ በሽተኛ ሞተበት። ሙያውን ለመተው እስከማሰብ ደርሶ ነበር። በኋላ ግን ከጓደኛው ከኧርነስት ኮድማን ጋር የበሽተኛው የልብ ትርታና አተነፋፈስ በቀዶ ጥገና ጊዜ የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ አዘጋጀ። ዛሬ ማንኛውም የማደንዘዣ ባለሙያ የሚሞላው ቅጽ የዚህ ሠንጠረዥ ዝርያ ነው።

በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲሠራ ከሕክምና ሠዓሊው ከማክስ ብሮደል ሥዕል ተማረ። ከቀዶ ጥገና ሲወጣ ያየውን ራሱ ሥሎ ከበሽተኛው መዝገብ ጋር ያያይዝ ነበር። በ1911 የደም ሥር መቆንጠጫ የብር ክሊፕ፣ በ1926 ደግሞ ከዊሊያም ቦቪ ጋር ደም የሚያቆም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሥራ ላይ አዋለ።

በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጭንቅላታቸው የቆሰሉ ወታደሮችን አከመ። በሦስት ወር ውስጥ፣ ከግማሽ በላይ የነበረው የሟቾቹ ድርሻ ከሲሶ በታች ወረደ።

የሐኪሙን የዊሊያም ኦስለርን የሕይወት ታሪክ ጽፎ በ1926 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። «የኩሺንግ በሽታ» በስሙ ይጠራል። ያከማቻቸው የአንጎል ዕጢ ናሙናዎችና የበሽተኞች ፎቶግራፎች በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።