መስፈርተ ጥፋት፤ ዐውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ ስለሚደረግ ምርመራ

ከነጐድጓድ ደመና ሥር እስከ ምድር ወርዶ እየተሽከረከረ የሚጓዘውን ዐውሎ ነፋስ አሜሪካውያን ቶርኔዶ ይሉታል፤ እርሱ ባለፈበት የወደቀውንና የተሰበረውን እየመረመሩ ኀይሉን በደረጃ የሚወስኑበትን ሥርዐት ደግሞ በቋንቋችን «መስፈርተ ጥፋት» ብንለው ይገባል፤ የሚሰፈረው ነፋሱ ራሱ ሳይሆን ትቶት የሄደው ጥፋት ነውና። እያንዳንዱን ደረጃ «እርከን»፣ በስፍራው ተገኝቶ የሚደረገውን ሥራ «የጥፋት ምርመራ» እንለዋለን።

ነፋሱን በቀጥታ መለካት የተሳነው፣ ቶርኔዶ ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ቆይቶ በጠባብ መንገድ ስለሚያልፍ፣ የነፋስ መለኪያ ከቆመበት ቦታ ላይ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ስለሆነ ነው። ስለዚህ በ1945 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በናጋሳኪ የአቶሚክ ቦምብ የጣላቸውን ዛፎች አቅጣጫ የመረመረው ጃፓናዊው ሊቅ ቴትሱያ ፉጂታ፣ ኋላ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ በ1971 በስሙ የሚጠራውን መስፈርት አወጣ። ይህም በሊቃውንት ተሻሽሎ ከ2007 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሠራበት ሆነ፤ ከ0 እስከ 5 የሚደርሱ ስድስት እርከኖች፣ ከመኖሪያ ቤት እስከ ዛፍ የሚደርሱ 28 የጥፋት ምልክቶችም አሉት።

ደካማ የሚባሉት ሁለቱ ታችኛዎቹ እርከኖች ናቸው፤ እርከን 0 በሰዓት ከ105 እስከ 137፣ እርከን 1 ከ138 እስከ 177 ኪሎ ሜትር የሚገመት ነፋስን ያመለክታሉ። መርማሪው አስቀድሞ የሚጠይቀው ነፋሱ በእርግጥ ቶርኔዶ መሆኑን ነው፤ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ወደ መንገዱ መካከል ተሰብስበው ወድቀው እንደ ሆነ መሽከርከሩ ይመሰከራል፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ወይም ወደ ውጭ ተበትነው ከተገኙ ግን ከደመና ወርዶ በምድር ላይ የተነጠፈ ነፋስ ሊሆን ይችላል። ከዚያም ትልልቅ ቅርንጫፎቹ ብቻ የተሰበሩበት ጠንካራ ዛፍ እርከን 0ን፣ ከነሥሩ የተነቀለው እርከን 1ን ሲጠቁም፣ ሥሩ የበሰበሰ ወይም አፈሩ በዝናብ የራሰ እንደ ሆነ ግምቱ ዝቅ ይላል። በቤትም ዘንድ ጣራው መነሣቱን ማየት ብቻ አይበቃም፤ ጣራው ከግድግዳው ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ መመርመር ያሻል፤ ደካማ ሥራ በደካማ ነፋስ ይፈርሳልና። በመጨረሻ የመንገዱ ርዝመትና ስፋት፣ የተነሣበትና ያለቀበት ሰዓት ይመዘገባል፤ የቶርኔዶው እርከንም በመንገዱ ሁሉ ከተገኘው ከፍተኛው ጥፋት ይወሰዳል።

ይህ ሥርዐት ወሰን እንዳለው ማወቅ ይገባል። ብርቱ ዐውሎ በባዶ መስክ ላይ አልፎ የሚሰብረው ባያገኝ፣ እርከኑ ያልታወቀ ተብሎ ይጻፋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ነፋሱ ባገኘው ነገር ላይ የገለጠውን ኀይል እንጂ የያዘውን ኀይል ሁሉ አይናገርም። «ደካማ» የሚለው ቃልም ማንንም አያዘናጋ፤ በመሠረት ላይ ባልታሰረ ተንቀሳቃሽ ቤት የሚኖር ሰው በእርከን 1 ነፋስ ሊሞት ይችላል። ከሚመዘገቡት ቶርኔዶዎች አብዛኞቹ ደካሞች በመሆናቸው፣ የትኛው አገር በየስንት ጊዜው እንደሚመታ የምናውቀው፣ ቤትንም በዚያ ልክ የምናጸናው፣ ለታናሹ ጥፋት እንደ ታላቁ የተጠነቀቀ መርማሪ በጻፈው መዝገብ ነው።