ሉቴቲያ፦ የፓሪስ የቀድሞ ስም

ፓሪስ በሮማውያን ዘመን ሙሉ ስሟ «ሉቴቲያ ፓሪሲዮሩም» ነበር። ሉቴቲያ የከተማዋ ስም ነው፤ ፓሪሲዮሩም ደግሞ «የፓሪሲዎች» ማለት ነው። ፓሪሲዎች በሴን ወንዝ ዳር የኖሩ የጋሊያ (የዛሬዋ ፈረንሳይና አካባቢዋ) ሕዝብ ናቸው። ዩልዮስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 ዓመት የጋሊያን ጉባኤ የጠራው እዚያው ሉቴቲያ ነው።

«ኦሩም» የምትለውን ቅጥያ ልብ በሉ። እኛ «የ»ን ከፊት፣ «ኦች»ን ከኋላ አድርገን የምንለውን ላቲን በእሷ ብቻ ይጨርሰዋል።

እኛ ከጎንደር ጎንደሬን እናወጣለን፤ ሰው በአገሩ ይጠራል። በጋሊያ ግን አገሩ በሰው ተጠራ። በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ዓመት ሉቴቲያ የሚለው እየተተወ የነዋሪዎቹ ስም ብቻ ቀረ። የፈረንሳይዋ ራንስ ከሬሚዎች፣ የጀርመኗ ትሪር ከትሬቬሪዎች ስማቸውን የወረሱት እንዲሁ ነው።

ሉቴቲያም ጨርሳ አልጠፋችም፤ በ1907 እ.ኤ.አ. የተገኘው 71ኛው ንጥረ ነገር፣ ሉቴቲየም፣ የተሰየመው በእሷ ነው። የከተማ ስም ስናነብ «እዚህ ማን ኖሮ ነበር?» ብለን እንጠይቅ፤ አንዳንዴ መልሱ እዚያው ስሙ ውስጥ አለ።