እጅና መሣሪያ በድረ ገጽ ታሪክ

የሥራ መሣሪያ በረቀቀ ቁጥር የሠራተኛው ዕውቀት ይሰፋል ወይስ ይጠባል? ጥያቄው የብራናውን ቁም ጸሐፊና የማተሚያ ቤቱን ፊደል ለቃሚ ሁሉ ይመለከታል። በዘመናችን ግን በድረ ገጽ አሠራር ታሪክ ውስጥ በይበልጥ ጐልቶ ይታያል።

ድረ ገጽ በመሠረቱ ተራ ጽሑፍ ነው። ርእሱ፣ አንቀጹና ወደ ሌላ ገጽ የሚወስደው ማያያዣ ኤችቲኤምኤል በተባለ የምልክት ሥርዓት ይለያሉ። ድርን እ.ኤ.አ. በ1989 በሐሳብ ደረጃ ያቀረበው፣ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ድርጅት ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ነው። በ1990 የሠራው የመጀመሪያ ፕሮግራም ማንበቢያም መጻፊያም ነበር፤ ጸሐፊው ምልክቶቹን በእጁ እንዲለቅም ሐሳቡ አልነበረም። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ኔክስት በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ይሠራ ስለነበር ብዙ አልተስፋፋም። በ1993 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ድርን በሰፊው ያስተዋወቀው ሞዛይክ ደግሞ የተዘጋጀውን ገጽ ያስነብባል እንጂ ገጽ አያዘጋጅም ነበር።

ከዚህም የተነሣ መጻፍ የፈለገ ሁሉ ምልክቶቹን በእጁ መማር ግድ ሆነበት። የማንኛውንም ገጽ ኮድ ገልጦ ማየት ይቻል ስለነበር ጀማሪው የሌላውን ሥራ እያነበበ፣ እየገለበጠና እያረመ ተማረ። ድሩ ራሱ ትምህርት ቤት ሆነ።

በ1995 ፍሮንትፔጅ፣ በ1997 ድሪምዊቨር ብቅ አሉ። ኮድ ያልተማረው መምህርና የቢሮ ሠራተኛ ጽሑፍና ሥዕል በዓይኑ እያየ ደርድሮ ገጽ ማውጣት ቻለ፤ ይህ ሊናቅ የማይገባው እርምጃ ነው። በአንጻሩ ግን መሣሪያው ብዙ ትርፍ ምልክት ይጨምር ነበርና፣ ገጹ በተበላሸ ጊዜ ባለቤቱ ስሕተቱ የት እንዳለ አያውቅም። ድሪምዊቨር በባለሙያዎች ዘንድ ተወዳጅ ሊሆን የበቃው በከፊል በእጅ የተጻፈውን ኮድ ሳይበርዝ ለመጠበቅ በመጣሩ ነው።

ጉዳዩ እኛንም በቀጥታ ይነካል። በ1990ዎቹ የአማርኛ ገጽ አዘጋጆች የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በተተከሉ ፎንቶች ይጽፉ ነበር። አዘጋጁ በመስኮቱ «ሰላም» ብሎ ያየውን፣ ያ ፎንት የሌለው አንባቢ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ያገኘው ነበር። ዩኒኮድ በ1999 ለግዕዝ ፊደላት፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ከ300 በላይ የራሳቸው ቦታዎችን ሲሰጥ ችግሩ ከሥሩ ተነካ። ያም ሆኖ ገጹ በየትኛው የፊደል ሥርዓት እንደተጻፈ በኮዱ አናት ላይ ካልተገለጸ ፊደሉ ዛሬም ሊበታተን ይችላል። መድኃኒቱ አንድ አጭር መስመር ነው፤ መስመሩን ለማግኘት ግን ኮዱን ማንበብ ያስፈልጋል።

እንግዲህ መሣሪያው ጠላት አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው አሠራሩ ሲጋረድ ነው። ፍሮንትፔጅ እንደ ምርት ከቆመ ቆይቷል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተጻፉት መሠረታዊ ምልክቶች ግን ዛሬም ይሠራሉ። ስለሆነም መምህሩ ተማሪውን መጀመሪያ አንድ ገጽ፣ ርእሱንና አንቀጹን በአማርኛ፣ በእጁ ያስጽፈው። ከዚያ በኋላ የፈለገውን መሣሪያ ቢያነሣ መሣሪያው ያገለግለዋል እንጂ አይመራውም።