ሐበሻ የተወለደችው ልጅና ቀሚሷ



በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ስለ ስደትና ስለ ልጆቻችን አንደበት ጥቂት እንጨዋወታለን። ነገሩን ያነሣሣኝ ባለፈው በጋ ወንዛዬ ፍል ውኃ የሰማሁት ነው። ከወረታና ከፎገራ ሜዳ መንደሮች ወገቡንም ጉልበቱንም የሚያመው ሰው ወደ ወንዛዬ ይወርዳል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ተቀምጦ ገላውን እያፍታታ ይጨዋወታል። እዚያ ያገኘኋት አንዲት የወረታ እናት ሆዷ አዝኖ ነበር። ልጇ ጅዳ ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው፤ እዚያው አግብታ ወልዳለች። በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ትደውላለች። «ልጄ፣ ምን ልንገርህ» አለችኝ፤ «ስልኩን ለሕፃኗ ብትሰጥልኝ የልጄ ልጅ ሴትዮ ብላ ጠራችኝ!»

ኋላ ሲጣራ ልጅቱ ያለችው «ሲቲ» ነው። በሒጃዝ ዐረቦች ዘንድ «አያቴ» ማለት ነው። እኒያ እናት በፍቅር ተጠርተው ኖሯል፤ ግን አልሰሙትም። ልጃቸውን «ምነው ዐማርኛውን ብታስለምጃት?» ብለው ቢጠይቁ፣ «እማዬ፣ የቁርኣንን ቋንቋ ካወቀች ምን ጎደላት?» የሚል መልስ አገኙ።

ይህ መልስ የአንዲት እናት ብቻ አይደለም፤ በብዙ ቤት ይሰማል። ዐረብኛ ማወቅ ትልቅ ጸጋ ነው፤ እኛ በየመድረሳው ስንት ዓመት ለፍተን ያላገኘነውን ያቺ ሕፃን ከጡት ጋር ጠብታዋለች። ጥያቄው አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል ግድ ነው ወይ? የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ የራሳችን ታሪክ፣ ያውም የመጀመሪያው ስደት ታሪክ አለን።

እ.ኤ.አ. በ615 ሶሓቦች ከመካ ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ሲመጡ ስደተኞቹ እነርሱ፣ አገሩ የእኛ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሁለተኛው ዙር ከሰማንያ በላይ ወንዶች ከነሴቶቻቸው መጡ። ከፊሎቹ ቀደም ብለው ሲመለሱ፣ የጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ጓዶች ግን እስከ 7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እስከ ኸይበር ዘመቻ ድረስ ቆዩ። ከአሥር ዓመት በላይ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ገበያ ወጥተዋል፣ ጎረቤት ለምደዋል፣ ልጅ ወልደዋል። ጀዕፈርና አስማእ ቢንት ዑመይስ ልጃቸውን ዐብደላህን የወለዱት እዚሁ ነው። ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድም ሴት ልጅ ወለደ፤ ስሟ አመት ሲሆን ኡሙ ኻሊድ በሚለው ኩንያዋ ትታወቃለች።

አሁን ይህችን ልጅ ልብ በሉልኝ። መዲና ስትገባ ትንሽ ልጅ ናት፤ ያደገችው በሐበሻ ምድር ነው። ቡኻሪ እንደዘገቡት ከአባቷ ጋር ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስትመጣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ነቢዩ አዩዋትና «ሰናህ፣ ሰናህ» አሏት። ቃሉ ዐረብኛ አይደለም። ዘጋቢው በሐበሻ ቋንቋ «ጥሩ» ማለት ነው ብሎ ተርጉሞታል። በግዕዙ «ሠናይ» ከሚለው ጋር አንድ ዘር ነው። ልጅቱ ሄዳ በጀርባቸው ባለው የነብይነት ማኅተም መጫወት ስትጀምር አባቷ ተቆጣት፤ እርሳቸው ግን ተዋት አሉት። በሌላ ዘገባ ደግሞ ለሷ የተመረጠ ጥለት ያለው ልብስ በእጃቸው አልብሰዋት፣ ጥለቱን እያሳዩ ያንኑ ቃል ደግመውላታል።

ዐረብኛ አታውቅም ነበር እንዳትሉ፤ አባትና እናቷ ዐረቦች ናቸው፤ ሐዲሱንም ያስተላለፈችው ራሷ በዐረብኛ ነው። ከስደት የመጣችን ሕፃን በተወለደችበት አገር ቃል ማናገር ግን ምን ያህል እንደሚያቀርብ፣ ልጁ ውጭ አድጎ የመጣበት ሰው ያውቀዋል። ኡሙ ኻሊድ ረዥም ዕድሜ ኖራለች፤ ያቺን ቃል እስከ እርጅናዋ አልረሳቻትም።

ወላጆቹስ? የአስማእ ታሪክ ደስ ይለኛል። መዲና እንደ ገባች ሐፍሷን ልትጠይቅ ሄዳ ሳለ ዑመር ገብቶ ሐበሻዊቷ፣ የባሕሯ መንገደኛ ይህች ናት ወይ? ብሎ ጠየቀ። በሒጅራ ቀደምናችሁ ሲላትም ተቆጣች፤ እኛ በሩቅ አገር የደረሰብንን ታውቃለህን? በሚል ክስ ነቢዩ ዘንድ አደረሰችው። እርሳቸውም ለመርከቡ ሰዎች ሁለት ሒጅራ እንዳላቸው ነገሩዋት። በኋላም ለሴት ጀናዛ መሸፈኛ ያለው ቃሬዛ በሐበሻ ያየችውን አሠርታ አሳይታለች ይባላል። ከስደት አገር የተማረችውን አላፈረችበትም።

አዋቂ ሰው አዲስ አንደበት ሲይዝ የሚቸገርበትም ታሪክ አለ። የነቢዩ አሳዳጊ ኡሙ አይመን ሐበሻዊት ነበረች። ኢብኑ ሰዕድ እንደዘገቡት ሰላምታውን በትክክል ማውጣት ስላስቸገራት በአጭሩ «ሰላም» እንድትል ተፈቅዶላታል። አልሳቁባትም። በአንጻሩ ቢላል «ሺን»ን «ሲን» ይል ነበር የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ እነ ኢብኑ ከሢር ይህን አስረድተዋል። ቢላል እናቱ ሐበሻዊት ትሁን እንጂ ያደገው ዐረቦች መካከል ነው፤ ዐረብኛው የሌላ ሰው ቋንቋ አልነበረም። የመጀመሪያው ትውልድ ይንተባተባል፣ ሁለተኛው አቀላጥፎ ይናገራል፤ የትም አገር ያለ ነገር ነው።

ቃላትም ከሰው ጋር ይሰደዳሉ። በሱረቱ ኑር ያለው «ሚሽካት» የሐበሻ ቃል ነው ያሉ ቀደምት ሙፈሲሮች አሉ፤ የኛን «መስኮት» ያስታውሷል። ኢማም ሱዩጢ እንዲህ ያሉትን ቃላት ሰብስበው ጽፈዋል። ከወዲያ ወደዚህ የመጣው ደግሞ ተቆጥሮ አያልቅም። ከወረታ በስተ ሰሜን ያሉት ይፋግና ደሪታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቁ የንግድ ቦታዎች ነበሩ፤ ሙስሊም ነጋዴዎች ቅፍለታቸውን እየነዱ እስከ ምጽዋና መተማ ይወርዱ ነበር። በዚያ ዓይነቱ መንገድ ከጨርቁና ከቅመሙ ጋር ሱቅ፣ ደላላ፣ ወኪል፣ ስኳር፣ ሳሙና የሚሉት ቃላት ገቡ። ቀሚስም ከዐረብኛ ነው። የፎገራ ሜዳ ዛሬ የሚታወቅበት ሩዝ እንኳ፣ እህሉ የተስፋፋው በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሲሆን ስሙ ግን ከዐረብኛ የመጣ ነው! ገበሬው ኮሪያኛ ሳይማር ዐረብኛ ይናገራል።

በወሎ ደግሞ ዑለማኦቻችን በዐረብኛ ፊደል ዐማርኛ ጽፈዋል፤ ዐጀሚ የምንለው ነው። ሸይኽ ጦልሐ ኢብኑ ጀዕፈር መንዙማቸውን በዚህ መንገድ አስቀርተውልናል። ዐረብኛ ሳያንሳቸው ለሕዝቡ በዐማርኛው አደረሱት።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ እዚያው የተወለዱ ልጆችም አብረው መጥተዋል። ተወልዶ ያደገበትን አገር በአንድ ሌሊት የተነጠቀ ልጅ፣ በእናቱ አገር ደግሞ ውኃ ለመለመን አስተርጓሚ ሲፈልግ አስቡት። ስደት መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው፤ ልጁን የሚያሳድግ ሰው ይህን ቢያስብ አይከፋም። ቤት ውስጥ ዐማርኛ ያነጋገሩት ልጅ ደጅ ወጥቶ ዐረብኛውን አያጣውም፤ ደጁ ራሱ ያስተምረዋል። የቤቱን ቋንቋ ግን ከቤቱ በቀር የሚያስተምረው የለም።

የወንዛዬዋን እናት የኡሙ ኻሊድን ታሪክ ነገርኳት። «ነቢያችን ዐማርኛ ተናገሩ ነው የምትለኝ?» አለች። ዐማርኛ አይደለም፣ የጥንቱ የሐበሻ ቋንቋ ነው አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና የትኞቹን ቃላት ልጅቱ ያለ አስተርጓሚ እንደምትረዳ ጠየቀችኝ። ሱቅ፣ ስኳር፣ ሻይ፣ ሩዝ እያልን በጣት ቆጠርን። «ቀሚስስ?» አለች። ቀሚስም አልኳት።

«እንግዲያ ሐሙስ ስትደውል ስለ ቀሚሷ ነው የምጠይቃት» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።