ደቻቱ ሲመጣ

ድሬዳዋን በበጋ ያየ እንግዳ ደቻቱን ወንዝ ብሎ ለመጥራት ይቸገራል። የሚያየው ሰፊ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየል ያቋርጠዋል፣ የቸኮለ ሰው ድልድዩን ትቶ በአሸዋው ላይ ይሻገራል። እኛም ዕቃ አሸክመን ከመጋላ ወደ ከዚራ ስንት ጊዜ በዚያ ተመላልሰናል። ከገበያዎቻችን አንዱ ስሙ ራሱ አሸዋ ነው፤ ለምን እንዲህ ተባለ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አልነበረም።

ከተማዋ እዚህ ቦታ ላይ የተገኘችው በባቡር ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ስለከበደ በ1895 ዓ.ም. ቆላው ላይ ደርሶ ጣቢያ ተሠራለት፣ አዲሲቱም ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ፈረንሳዮቹ ከዚራን በቀጥታ መንገድ ቀየሱ፤ ከወንዙ ማዶ መጋላ በንግድ አደገች። ያኔ ባቡሩን ያስቆመው ተራራ ነው ዛሬም ጎርፉን የሚልክብን። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በላይዋ ያለው የደንገጎና የሐረርጌ ደጋ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። በመካከሉ ያለው ቁልቁለት አጭር ነው። ስለዚህ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ድንጋይና ግንድ ይዞ ከተማ ይደርሳል። ድሬ ላይ ኮከብ እየታየ ደቻቱ ሊመጣ ይችላል። የድሮ ሰዎች በክረምት ከመተኛታቸው በፊት የሚያዩት በላያቸው ያለውን ሰማይ ሳይሆን ተራራው ላይ መብረቅ መኖር አለመኖሩን ነበር።

ተራራው ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ደኑ ለእርሻ፣ ለማገዶና ለከሰል ተመንጥሯል፤ ውሃውን የሚያቆየው ነገር ቀንሷል። ከሰሉን ድሬ ላይ የሚያነደው ማን እንደሆነ ስለምናውቅ በዚህ ጉዳይ ጮክ ብለን ገበሬውን መውቀስ አይሆንልንም።

በፈረንጆች 1981 የመጣው ጎርፍ 80 ያህል ሰው ገድሏል። እኛ ያኔ ሕፃናት ነበርን። አሸዋ ገበያ አጠገባችን የሚነግዱ፣ ኤዶ እያልን የምንጠራቸው የሶማሌ እናት ግን ያስታውሱት ነበር። ዕቃ መሬት ላይ ስንደረድር ባዩን ቁጥር «ልጆቼ፣ ከፍ አድርጉት፤ ይሄ የሱ ቦታ ነው» ይሉን ነበር። እኛም እሺ እንልና እዚያው እንደረድራለን። የሚያደርቅ ፀሐይ በወጣበት ቀን ስለ ውሃ የሚሰማ ነጋዴ የለም።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሰው እንቅልፍ ላይ ሳለ ደቻቱ መጣ። ዋናው ዝናብ የወረደው ተራራው ላይ ነበር። ድምፁን የሰሙ ሰዎች ባቡር መስሏቸው ነበር፤ በዚያ ሰዓት ባቡር እንደሌለ እስኪያስታውሱ ውሃው በር ላይ ደርሷል። በወንዙ ዳርና በአሸዋ ገበያ አካባቢ ቤቱ ከነሰው ሄደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች የገቡበት አልታወቀም፣ 10,000 ያህል ሰው ቤቱን አጣ። ያ ክረምት ለአገሩ ሁሉ ክፉ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰው ፈጀ።

ጠዋት ወደ ሱቃችን ስንሄድ ሱቅ አላገኘንም። ጭቃው ውስጥ ቦንዳ ልብስ ተዘርግፎ፣ ዱቄትና ሩዝ ከአሸዋ ተለውሶ፣ የማን እንደሆነ የማይለይ ዕቃ በዕቃ ላይ ተከምሮ ነበር። ሰው ልጁን ሲፈልግ ዕቃ መፈለግ ነውር ስለሆነ ያን ቀን ማንም አልነካውም። የዱቤ ደብተራችንም ሄዷል። የንግድ ትምህርት ተምረን ስንወጣ መዝገብ በሁለት ቅጂ ይያዝ ተብለን ነበር፤ ሁለቱንም ቅጂ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ነበር ያስቀመጥናቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ የአይሻ ነጋዴ መጣ፤ ይህን ያህል አለብኝ ብሎ ቆጥሮ ከፈለ። ከእሱ በኋላ ሌሎችም መጡ። ያልመጡም አሉ፤ ስማቸውን ዛሬም አንረሳም፣ አንጽፈውምም። ከባለዕዳዎቻችን መካከል የሞቱ ነበሩ፤ ቤተሰባቸውን የጠየቀ ነጋዴ አላየንም።

እኛም በተራችን የጅቡቲ ዕዳ ነበረብን። ዕቃ የሚሰጠን ሰው በስልክ ሲያገኘን ስለ ገንዘቡ ከማንሳቱ በፊት «ሰው ተርፏል?» አለ፤ ከዚያም እስከ ጥር ጊዜ ሰጠን። ነገሩን የተረዳው ከራሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ 1996፣ የአምቡሊ ጎርፍ ጅቡቲ ከተማን መትቶ ከ50 በላይ ሰው ገድሎ ነበር፤ የሱም መጋዘን ውሃ ገብቶበታል። አምቡሊም እንደ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። ሶማሌው ቶግ ይለዋል፣ ዓረቡ ወዲ ይለዋል፤ በዚህ መስመር ያለነው ሁላችንም እንዲህ ባለ ደረቅ ወንዝ ዳር ነው ሱቅ የከፈትነው። በኅዳር 2012 ጅቡቲ እንደገና በጎርፍ ተጥለቀለቀች።

ከባሕር የሚመጣውም አለ። ግንቦት 11 ቀን 2010 ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ ሶማሌላንድ ውስጥ ሉግሃያ አጠገብ ወደ የብስ ገባ። ከዚያ በፊት በዚያ ባሕር የተመዘገበ አውሎ ነፋስ ይህን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ የብስ አልነካም ነበር። በአውዳል በብዙ ሺህ የሚቆጠር ከብት፣ ፍየልና ግመል አለቀ። የከብት ነጋዴ ጓደኞቻችን ያኔ ያጡት ትርፍ ብቻ አይደለም፤ በቃል ብቻ ከብት የሚሰጧቸውን አርብቶ አደር ደንበኞች ነው ያጡት። ከብቱ ያለቀበት ሰው ከተማ ገብቶ ሸክም መሸከም ጀመረ።

ድሬ ላይ ከ1998 በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ብዙ ውሃ መልሷል። ሆኖም በሚያዝያ 2012፣ ሁሉም ስለ ኮሮና ሲያወራ፣ ጎርፍ እንደገና ከተማው ውስጥ ሰው ገደለ። ግንቡ ሌላም ነገር አምጥቷል፤ ሰው ተማምኖ ወደ ወንዙ እየተጠጋ ነው። ከግንቡ ሥር ያለ መጋዘን ኪራዩ ርካሽ ነው። ባለፈው ዓመት አንዱን ተከራይተን ለሁለት ወር ገብተንበታል፤ ምክንያቱን የሚጠይቀን ካለ መልሳችን ኪራዩ ነው።

ሐምሌ ሲገባ ለቀቅን። አሁን ከሐምሌ እስከ መስከረም ዕቃው ከወለል ከፍ ብሎ በመደርደሪያ ይቀመጣል፣ የደብተሩ ሁለተኛ ቅጂ ከዚራ እህታችን ቤት ያድራል። ማታ ማታ ደግሞ ደንገጎ ላይ ሻይ ለምትሸጥ ወዳጃችን እንደውላለን፤ «እዚያ እንዴት ነው?» ስንላት ምን እንደጠየቅናት ታውቃለች።